ቀጥ ያለው መስመር

ማክሰኞ ጠዋት ለዐሥራ አንድ ደቂቃ፣ በጨቅላዎች ክፍል የኦክስጅኑ ግፊት ዜሮ እንደነበር ሠንጠረዡ ይናገራል። የሆስፒታሉ መሣሪያ ተቆጣጣሪ ዐይኑን ከዚያ ረድፍ ላይ መንቀል አልቻለም።

«ይህን የቁጥር መዓት ማን ያነባል?» አሉ አለቃው አቶ መንክር ከጀርባው ቆመው። «ግራፍ አድርገው። የየቀኑን አማካይ።»

«አማካይ ካደረግነውማ ዐሥራ አንዱ ደቂቃ አይታይም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን የምልህ መሰለህ?»

የእንጀራ ነገር ነውና አንገቱን ደፍቶ ቁልፉን ተጫነ። የማክሰኞ ጉድጓድ ተደፈነና ከሰኞ እስከ እሑድ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ያለ መስመር ወጣ።

በማግስቱ አለቃው ነጠላዋን አዘቅዝቃ የለበሰች ወጣት ሴት ይዘው ገቡ። ማክሰኞ የሞተው ጨቅላ እናት ናት።

«ይኸው የኔ እናት፣ ለአፍታም አልተቋረጠም» አሏት፣ መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ።

ከዳር እስከ ዳር አየችው። ከዚያ ወደ ተቆጣጣሪው ዞረች።

«እውነት ነው ወንድሜ?»

«አዎ» አላት።

«ሳጠባው ቱቦውን ከአፍንጫው አውልቄበት ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እንግዲያው የገደልኩት እኔው ነኝ።»