የምላስ ተረኛ

የጭንቀት መድኃኒቴ ከአልጋዬ አስነሥቶ ከሰው ቀላቅሎኛል፤ ምላሴን ግን ወስዶታል። ማርም ጨውም ለእኔ ውሃ ነው። ደግነቱ በእኛ ዘመን የመድኃኒት ጣጣ በተራ ይያዛል። ፈቃደኛ ዘመድ ሐኪም የሚሰጠውን አምባር እጁ ላይ ካሰረ ለሳምንት የእሱ ምላስ ይደነዝዛል፣ የእኔ ይመለሳል። ባሌ ሁለቴ ይዞልኛል፤ አሁን መስክ ወጥቷል።

ሐሙስ ዕለት ዶክተር ቢያድግልኝና አማካሪዬ ስንዱ እንደ ልማዳቸው አብረው ቤቴ መጡ። ታላቅ ወንድሜ ጋሽ አስናቀም ነበር፤ ጭንቀት የሥራ ፈት በሽታ ነው የሚል፣ ዕድሜውን ሙሉ ወጤን ሲያጣጥል የኖረ ሰው።

«ሰሞኑን ምን ከበደሽ?» አለችኝ ስንዱ።

«ለልጆቼ የማበስለውን አለመቅመሴ። በገዛ ቤቴ እንግዳ የሆንኩ ይመስለኛል።»

ከዶክተሩና ከስንዱ ጋር ተመካክረን የመድኃኒቱን መጠን ለመቀነስ ገና ነው አልን። ተረኛ ደግሞ የለም። ጋሼ ዶክተሩን «እስቲ አንዴ» ብሎ ወደ በረንዳ ይዞት ወጣ። እኔ ምሳ አቀረብኩ።

ሲመለሱ ቁጭ ብለን መብላት ጀመርን። ገና ስጎርስ ጨው አፌን ሞላው። በግምት ስጨምር ምስር ወጡን አበላሽቼው ኖሯል። ስንዱ ውሃ ፈለገች። ዶክተሩን ሳል ያዘው። ጋሼ ብቻ አንገቱን ደፍቶ ይበላል፤ ከእጅጌው ሥር አምባሩ ብልጭ ይላል።

«ዛሬስ ጣት ያስቆረጥማል» አለ።

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጤን አመሰገነ። ሳቄን እንደምንም ዋጥኩና ጭልፋውን አነሣሁ።

«ልጨምር?»

«ጨምሪ እንጂ።»