የእታፈራሁ አዲስ ድምፅ

ዘፈኖቿን በዋሽንትና በወፍጮ ጩኸት የምታጅበው አንጋፋዋ ድምፃዊት እታፈራሁ ከረጅም ዝምታ በኋላ ነጠላ ዜማ አወጣች። ያረጀ ድምፅ አየር ላይ ማዋል በሕግ ስለተከለከለ፣ የስቱዲዮው ድምፅ ማደሻ ማሽን ወፍጮውን ሳይነካ የእሷን ድምፅ የልጃገረድ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ሕጋዊ መታወቂያዋም ይኸው አዲስ ድምፅ ሆነ።

ከዘፈኑ ምረቃ በዝናብ ተመልሳ፣ ሰውን በድምፁ እየለየ የሚከፈተውን የቤቷን በር አንኳኳች።

«ማነው?» አለ በሩ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«እታፈራሁ! ክፈት እንጂ፣ በሰበስኩ!»

«ድምፅዎን አላውቀውም።»

ባሏ ንጋቱ ውስጥ ሆኖ አዲሱን ዘፈኗን ጮክ አድርጎ ከፍቶታል፤ ብትጣራም አልሰማትም። ቢቸግራት ስልኳን አውጥታ ያንኑ ዘፈን ለበሩ አሰማችው።

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ወይዘሪት እታፈራሁ! እናትዎም ይግቡ።»