ያልተባለ አሜን

ጠዋት ሱቁ ከመከፈቱ በፊት ልብስ ሰፊውና ሚስቱ ብቻ ነበሩ። እንደ ልማዳቸው እጃቸውን በስፌት መኪናው ላይ አድርገው ጸለዩ። ባልየው ስለ ጤናቸው፣ ስለ ደንበኞቻቸው፣ ጣሪያው ስለሚያፈስበት ጎረቤታቸው ሳይቀር ለመነና «በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን» ብሎ ፔዳሉን ረገጠ። መኪናው ንቅንቅ አላለም። ሚስቱ መዘውሩን ጨምድዳ ይዛዋለች።

«እኔ አሜን አላልኩም» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ልጃችንን ዘለልካት።»

«አንቺዬ፣ አኩርፋን ከቤት ከወጣች ወዲህ ድምጿን እንኳን አልሰማንም» አለ ቀስ ብሎ። «በየቀኑ ያንኑ ስነዘንዘው ጌታም ይሰለቸዋል ብዬ ነው።»

«ሲሰለቸው ራሱ ይንገረን! አንተ ምን ቤት ነህ?»

ሳቁ አመለጠው። መርፌ ያሻከረው መዳፉን በእጇ ላይ ጫነና የልጃቸውን ስም ጠራ። ብዙም አልተናገረም፤ «በደህና መልስልን» ብቻ አለ።

«አሜን» አለችና መዘውሩን ለቀቀችለት።

ያን ቀን ልጅቷ አልመጣችም፤ አልደወለችምም። በማግስቱ ጠዋት ባልየው ጸሎቱን ከእሷ ጀመረ።