«አቁም» የሚለው ትእዛዝ

ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስነሳ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም አለ። መመሪያውን የምትጽፈው ሴትዮ አንድ ጠባይ አላት፤ በእጇ ያልሞከረችውን ትእዛዝ አትጽፍም። ዛሬ የደረሰችው «አቁም» የሚለው ላይ ነው።

ባሏ ማድ ቤት ሆኖ ይነዘንዛታል። «ቀኑን ሙሉ እዚያ ተጎልተሽ! ለማን ብለሽ ነው በነጻ የምት—»

ትእዛዙን ሰጠች። ቤቱ ጭጭ አለ። ዘወር ብትል ባሏ አፉን እንደከፈተ ቀርቷል፤ ከቧንቧው የወረደው ውሃም አየር ላይ ቆሟል። ትንሽ አየችውና «ቀጥል» ብላ ጻፈች።

«—ለፊው?» አለ፤ ምንም አልታወቀውም።

«የቆመው መቆሙን አያውቅም» ስትል መመሪያው ላይ ጨመረች።

«ደግሞ ምን ያስቅሻል?»

«ምንም፣ የኔ ጌታ» አለችና ገጹን ወደ ታች ገፋ አደረገችው።

ቀጣዩ ትእዛዝ «ሰርዝ» ነው።