ከሾፌሩ ኋላ ያለው ወንበር

«አውቶቡስ ቀበቶ የለውም እማዬ፤ አትፈልጊ።»

ወንበሩን ዙሪያውን ስዳብስ በመስታወቱ አይቶኛል። እናቱን በስሟ፣ እኔን አያቱን ደግሞ «እማዬ» ብሎ ነው የሚጠራን፤ ያሳደግኩት እኔ ነኛ። እኔም ይሄን የሚያህል ሰውዬ ዛሬም «ድቡሽ» እለዋለሁ። ከእሱ ኋላ እኔ አለሁ፤ ከእኔ ኋላ እስከ መጨረሻው ድረስ ባዶ ወንበር ነው።

«ታዲያ ምኑን ይዤ ልቀመጥ?»

«ብረቱን።»

«ብረቱ ቢነቀልስ?»

«ያኔ ብረቱን ይዘሽ ትወድቂያለሽ።»

ይስቃል። ሳቁ እንዴት ናፍቆኝ ነበር! ሰው ሞልቶ ሲነዳ ልቡ እንደ ከበሮ ከመታበት፣ እጁ ከደነዘዘበት፣ «ሞትኩ» ብሎ መንገድ ዳር ከተቀመጠበት ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሳቅ አልነበረም። ልቡን መረመሩት፤ ጤነኛ ነው አሉ። እኔ ግን አላመንኩም፣ ሌላ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። እዚያም ጤነኛ ነው። በመጨረሻ አንዲት የአእምሮ ሐኪም ናት የሕመሙን ስም የነገረችን፤ የጭንቀት ሕመም ነው፣ ይታከማል አለች። እሱ ግን መድኃኒቱን ይውጥና ተመልሶ ብርድ ልብሱን እስከ ግንባሩ ይከናነባል። በር ላይ ቆሜ ትንፋሹን እሰማለሁ፤ ትንፋሹ የማይሰማኝ ሲመስለኝ ደግሞ «ውሃ ላምጣልህ?» እላለሁ።

ዛሬ የስምሪት ኃላፊው «አውቶቡሷን ባዶዋን እስከ መጨረሻው ፌርማታ ነድተህ መልሳት። ከመለስካት ከነገ ጀምሮ ያንተው ናት፤ ካቃተህ ግን ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው» አለው። አብሮህ የሚሆን ሰው ይዘህ ሂድ ሲለው እኔን መረጠ።

«ከሰው ሁሉ እኔን? መኪና ውስጥ ዓይኔን የምጨፍነውን?» ስለው፣

«አንቺ ሁሌ ትፈሪያለሽ፤ ሁሌ ደግሞ ትደርሻለሽ» አለኝ።

ከግቢው እንወጣለን። ትምህርት ቤቱን እናልፋለን። ደህና ነው፣ እንዲያውም በአፍንጫው ያንጎራጉራል። ድልድዩ ሲታየን ማንጎራጎሩ ይቋረጣል። ያን ቀን የያዘው እዚህ ነበር። ማጅራቱ ላይ ላብ ፍልቅ ይላል። ፍሬቻ ያሳይና ከድልድዩ በፊት ባለው ፌርማታ ጥግ ይይዛል። ሞተሩን ግን አያጠፋም።

«መጣ እማዬ።»

ሐኪሟ አስጠንቅቃኛለች። «ሲመጣበት ‹እንመለስ› እንዳይሉት እናቴ። ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ይወርዳል። ሳይወርድ ከሸሸ ቦታውን እየፈራው ይኖራል። እርስዎ ዝም ብለው አጠገቡ ይቀመጡ።» ዝም ብለው! እኔን!

እንመለስ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። አንድ ጊዜ ብቻ ብለው ይመለሳል፤ አውቀዋለሁ። ቤት አስገባዋለሁ፣ ብርድ ልብሱን እደርብለታለሁ፣ እኔም አርፋለሁ። የሻሼን ጫፍ እነክሳለሁ።

«እጄ ደነዘዘ» ይላል።

«የኔም ደንዝዟል» እለዋለሁ። እውነቴን ነው፤ ብረቱን አንቄ ይዤዋለሁ።

ትከሻው ትንሽ ይነቃነቃል። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ከኋላ አይለይም። በአፍንጫው ያስገባል፣ በአፉ ቀስ አድርጎ ያወጣል፤ ሐኪሟ እንዳስተማረችው። እኔም ሳላውቀው አብሬው እተነፍሳለሁ።

በሩ ይንኳኳል። የነርስ ነጭ ጫማ የተጫማች፣ ካፖርት የደረበች ሴት ናት፤ ዓይኗ ቀልቷል።

በመስኮቱ እጮሃለሁ፦ «ልጄ፣ ይሄኛው ሥራ አልጀመረም! ሌላ ጠብቂ!»

«ኧረ በፈጠራችሁ! ሌሊቱን ሙሉ ስቆም አድሬ አሁንም ልቁም?»

«ሾፌሩ አሞት...»

«እማዬ» ይላል ድቡሽ። «ተያት።»

በሩ ይከፈታል። ሴትዮዋ ገብታ ባዶውን አውቶቡስ ታያለች፤ ያ ሁሉ ወንበር እያለ መጥታ አጠገቤ ዘጭ ትላለች።

«ባዶ መኪና ውስጥ ብቻዬን መቀመጥ አልወድም። እስከ መጨረሻው ይሄዳል?»

ጥያቄው የእሱ ነው። ማጅራቱን አያለሁ። ላቡ ወደ ኮሌታው ይወርዳል። ሞተሩ ወንበሩንም ብረቱንም ያንቀጠቅጣል።

«ይሄዳል» ይላል።

ሁለት እጁን መሪው ላይ ይመልሳል። ፍሬቻ ያሳያል፣ ጎኑን ያያል፣ ደግሞ ያያል፣ ይወጣል። ድልድዩ ላይ ነን። ከታች ያለውን ወንዝ አላየውም፤ እሱ መተንፈሱን ብቻ ነው የምሰማው። ልቡ አሁንም በኃይል እየመታ እንደሆነ ከጆሮው ቅላት አውቃለሁ። ቢሆንም ይነዳል። ድልድዩ ከኋላችን ይቀራል።

ዞር ብዬ ለሴትዮዋ «የልጅ ልጄ እኮ ነው» ልላት እፈልጋለሁ። አፌን ስከፍት ራሷ ትከሻዬ ላይ ዘንበል ይላል። ከባድ ነው፤ የሳሙናና የሐኪም ቤት ሽታ አለው። ሙሉ ክብደቷን ጥላብኝ፣ አፏን ትንሽ ከፍታ፣ እንቅልፍ ወስዷታል።

ድቡሽ በመስታወቱ ያያታል። ወደፊት መንገዱ ይጠመዘዛል። ፍጥነቱን ገና ከሩቁ ይቀንሳል፤ መሪውን ውሃ የሞላ ባልዲ እንደያዘ ሰው ቀስ፣ ቀስ እያደረገ ያዞረዋል፤ እንዳትነቃ።