መርዶ ያልሰማው ጸሎት

ጸሎት የሚያደርስልን መሣሪያ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ወዲህ ተንበርክከን አናውቅም። የምንለምነውን አንዴ እንነግረዋለን፤ እሱ ጠዋት ጠዋት በስማችን ያደርሳል። እኔም ስልኬ ላይ «የዛሬው ጸሎትዎ ደርሷል» የሚለውን አይቼ፣ እንቅልፌን ሳልጠግብ ወደ ሥራ እሮጣለሁ።

ትናንት አማቴ እማማ ጥሩነሽ ከደብረ ሲና መጡ። ዛሬ ጠዋት አንድ ጫማዬን አድርጌ ሌላውን ስፈልግ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው መሣሪያው ሥር ቆመው ሲያዳምጡ አየኋቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነገር ምንድነው የሚለው?»

«ጸሎት ነው እማማ። ረፈደብኝ።»

«‹የባለቤቴን የወልደ ሩፋኤልን ኩላሊት ፈውስልኝ› ይላል እኮ።»

ባለሁበት ቀረሁ። ወልደ ሩፋኤል የባሌ የክርስትና ስሙ ነው፤ የእሳቸው ልጅ። ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። ያንን ልመና ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ቆሜ አልሰማሁትም።

«መርዶውን የነገረው የለም?» አሉ። አልተቆጡም፤ ደክሟቸው ነበር።

መሣሪያውን አጠፋሁት። ጫማዬን አውልቄ ተንበረከክሁ፤ እሳቸውም ወገባቸውን ይዘው አጠገቤ ተንበረከኩ። «አቤቱ…» ብዬ ጀመርኩና የሚቀጥለው ጠፋኝ።

«የልጄን ስም ብቻ ጥሪው፤ ሌላውን እግዜር ያውቃል» አሉኝ።

ጠራሁት። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ስም በየጠዋቱ ሲጠራ የኖረው ግድግዳው ብቻ ነበር።