አንድ ጊታር፣ አንድ ቅጂ

እነመክብብ ቤት ማንቆርቆሪያው ያለ ድምፅ ነው የሚፈላው። አምና ዘፈን ሲቀዳ መንተክተኩ አብሮ ገባና ቀረ። ማይክ አንዴ የዋጠውን ድምፅ ዓለም መልሶ አይሰማውም። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ጊታሮችም እያንዳንዳቸው አንድ ዜማ ሰጥተው ዲዳ የሆኑ ናቸው።

ባለቤቱ ትርሲት አዲሱን ጊታር አቀፈች። "ማይኩን አስጠጋው፤ ድምፅ የመሳብ ኃይሉንም ዝቅ አድርገው፤ ሩቅ ሩቁን እንዳይለቅም። ሕፃኗ ጓዳ ተኝታለች" አለችው።

"እሺ" አላት። ዓይኗን ጨፍና መጫወት ስትጀምር ግን የእንጨቱ ድምፅ ግርማ አሳሳው። ሙሉውን እንዲይዝለት ማይኩን አንድ ክንድ ወደ ኋላ ሳበው፤ የመሳብ ኃይሉንም ከፍ አደረገው።

ስትጨርስ ክሮቹን ነካካቻቸው፤ ጊታሩ ዝም ብሏል። መክብብ የጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ ቅጂውን ከፈተ። እንዲህ ያለ የጊታር ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። መጨረሻው ላይ ግን ከክሮቹ ሥር አንድ ቀጭን ለቅሶ መጣ።

ማዳመጫውን ወርውሮ ወደ ጓዳ ሮጠ።

"ኧረ ቀስ በል፣ እንዳትቀሰቅሳት!" አለች ትርሲት ከኋላው። "ዛሬስ እንዴት ደህና ተኛችልኝ!"

ሕፃኗ አልተኛችም። አፏን በኃይል ከፍታለች፤ እንባዋ ጆሮዋ ድረስ ወርዷል።